የተለከፈው ማነው?

ፈረንጆች «ኦብሴሽን» የሚሉት ቃል ከላቲን የመጣ ነው፤ መነሻ ትርጉሙም ከተማን ከቦ መቀመጥ ነው። የኛው «ልክፍት» ደግሞ አንድ ክፉ ነገር ከውጭ መጥቶ ሰውን ሲይዘው ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ይኸውም ጥፋቱ የሰውየው ሳይሆን የያዘው ነገር ነው። አመቺ ነው መቼስ! የተለከፈ ሰው ምን ይፈረድበታል? ሆሊውድ ልብ አንጠልጣይ በሚባሉት ፊልሞቹ ይህን ጥያቄ ሲያነሣና ሲጥል ኖሯል። ሲያነሣው ግሩም ነው። አጣጣሉ ነው የሚያሳፍረው።

አልፍሬድ ሂችኮክ በ1958 የሠራውን «ቨርቲጎ» እንውሰድ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስኮቲ ከፍታ ስለሚያስፈራው ሥራውን የተወ የሳንፍራንሲስኮ መርማሪ ነው። የድሮ ወዳጁ «ሚስቴን ተከታተልልኝ» ይለዋል። እሱም ይከታተላል። ፊልሙ ለረጅም ጊዜ ቃል ሳይተነፍስ መኪና ከመኪና ኋላ ሲሄድ ያሳየናል፤ አበባ መሸጫ፣ መቃብር ቦታ፣ የሥዕል ሙዚየም። እኛም አብረን እንከተላለን። ሰውን ተደብቆ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል በገዛ ዓይናችን ያስመሰክረናል። ሴትዮዋ ከደወል ቤት ወድቃ ሞተች ከተባለ በኋላ ስኮቲ እሷን የምትመስል ጁዲ የምትባል ሻጭ መንገድ ላይ ያገኛል። የሚዘገንነው ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። ግራጫውን ልብስ ልበሺ! ጠጉርሽን ቀለም ተቀቢ! አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ሰብስበሽ እሰሪው! ልጅቱ እያለቀሰች እሺ ትላለች፤ እሺ ካለች የሚወዳት መስሏታል። በመጨረሻ በሆቴሉ አረንጓዴ መብራት ውስጥ ሟቿን ሆና ብቅ ስትል፣ እኛም በልባችን «እፎይ፣ አሁን መሰለች» እንላለን። ሂችኮክ ግን ጁዲ ያቺው ሴት ራሷ መሆኗን፣ ያን ጊዜም ሚስት መስላ መቅረቧን፣ ለስኮቲ ሳይነግር ለኛ አስቀድሞ ነግሮናል። እንግዲህ ጠጉሯን የምታስረዋ ሴት የራሷ ሕይወት ያላት ሰው መሆኗን እያወቅን ነው እንድትጠፋ የተመኘነው። ማንም አላስገደደንም። (የግድያው ሤራ እርግጥ አያሳምንም። በሌላ ሰው ፍርሃት ተማምኖ ወንጀል የሚያቅድ ማነው? ይኸ ግን ትንሽ ጉድለት ነው።)

ሠላሳ ዓመት ገደማ እንለፍና ወደ ኤድሪያን ላይን «ፌታል አትራክሽን» (1987) እንምጣ። ዳን የሚባል ጠበቃ ሚስቱ ከከተማ ወጣ ባለችበት ሰሞን አሌክስ ከምትባል ሴት ጋር ሁለት ቀን ያሳልፋል። ከዚያ ደህና ሁኚ። እሷ ግን ደህና አልሆነችም፤ አርግዣለሁ ትላለች፣ ትደውላለች፣ የልጁን ጥንቸል ትቀቅላለች። መጀመሪያ በተቀረጸው መጨረሻ አሌክስ ራሷን በቢላ ትገድላለች፤ ቢላው ላይ የዳን አሻራ በመኖሩ ፖሊስ እሱን ይወስደዋል። ፊልሙ ለሙከራ ሲታይ ተመልካቹ አልወደደውም። ስለዚህ ሌላ መጨረሻ ተቀረጸ። አሌክስ ቢላ ይዛ ቤታቸው ትገባለች፤ ዳን ገንዳ ውስጥ ይደፍቃታል፤ ሞተች ሲባል ብድግ ትላለች፤ ሚስትየው ተኩሳ ትገድላታለች። የመጨረሻው ምስል የቤተሰቡ ፎቶግራፍ ነው። አሌክስን ሆና የተጫወተችው ግሌን ክሎዝ ለውጡን ተቃውማ ነበር። ገበያው ግን ደራ፣ ፊልሙም ለስድስት ኦስካር ታጨ።

እዚህ ላይ የተለወጠው መጨረሻው ብቻ አይደለም። በፊተኛው ዳን የሚጠየቅበት ነገር ነበረው። በኋለኛው ግን ጥፋቱ ከሴትዮዋ ሬሳ ጋር አብሮ ተቀበረለት። የተበደለችው ሚስት እንኳ ባሏን «ምነው?» ብላ ከምትሞግት ይልቅ ሽጉጡን የያዘችው ለሱ ነው።

በየዶርሙ ክርክር «ልጅቱንም ከትምህርት ቤት ወስዳታለች እኮ!» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ክፉ ሥራ ነው። ነገር ግን ስኮቲ በሕይወት ያለችን ሴት ሟች ሲያስመስል «አሳዛኝ ፍቅር» ያልን ሰዎች፣ አሌክስ ስትደውል «ጭራቅ» የምንለው በምን ሚዛን ነው? ወንዱ ሲለከፍ ሙዚቃ ይከተለዋል፣ ሴቷ ስትለከፍ ጥይት።

ነገሩ ከሲኒማ ቤት ውጭም ደርሷል። በማርቲን ስኮርሴዚ «ታክሲ ድራይቨር» (1976) ትራቪስ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ሊገድል ሄዶ አይሳካለትም፤ በዚያው ዕለት በአንዲት ልጅ ገላ የሚነግዱ ሰዎችን ይገድልና ጋዜጦች ጀግና ያደርጉታል። ያው እጅ፣ ያው ልክፍት። በመጋቢት 1981 ጆን ሂንክሊ የተባለ ወጣት፣ ልጅቷን ሆና በተጫወተችው በጆዲ ፎስተር ተለክፎ፣ ልታደንቀኝ ትችላለች ብሎ ፕሬዚዳንት ሬገንን በጥይት አቆሰለ። ፊልሙ ነው ያሳበደው የሚለውን ክስ አልቀበልም። እኔን የሚገርመኝ የፍርዱ ነገር ነው። በ1982 ችሎቱ አእምሮው ልክ አልነበረም ብሎ ጥፋተኛ አይደለም አለው፣ ሆስፒታልም ገባ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ኮንግሬስም በ1984 ሕጉን አጠበቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለሙከራ የተጠራው ተመልካች አሌክስ በገዛ እጇ መሞቷን አልበቃው ያለው በዚህ አገር ነው። በሽታዋን አየ፤ ቅጣቷንም ፈለገ።

ሂችኮክ ይህን አልሰጠም። ጁዲ ከዚያው ደወል ቤት ትወድቃለች። ስኮቲ አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል፤ የከፍታው ፍርሃት ለቆታል። ፊልሙም እዚያው ላይ ያልቃል።