ለጓሮ ጎመን ጥማድ በሬ

ልጆቼ፣ «ከማን አንሼ» የምትባለው ቃል ስንቱን ቤት እንዳራቆተች ታውቃላችሁ። ዛሬ ደግሞ ታብሌት ውስጥ ገብታለች። ሰው ገበያ ወጥቶ «ፕሮሰሰሩ ስንተኛው ነው?» ብሎ ሻጩን ያፋጥጣል፤ ምን ሊሠራበት እንደሆነ ግን ራሱን አይጠይቅም። አባቶች «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ያሉት ለዚህ ነው።

እስቲ አንዱን እንይ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2024 ኤም 4 የተባለውን ፕሮሰሰር ኮምፒውተሮቹ ላይ እንኳ ሳይገጥመው አስቀድሞ አይፓድ ፕሮ ውስጥ አስገባው። ዋጋው አሜሪካ ውስጥ ከ999 ዶላር ይነሳ ነበር፤ የዚያው ኩባንያ ተራ አይፓድ ያኔ 349 ነበር። እኛ ታዲያ ምን እንሠራበታለን? ዜና እናነባለን፣ ስብከት እናዳምጣለን፣ ባሕር ማዶ ካለ ዘመድ ጋር እየተያየን እናወራለን። ለዚህ ኤም 4 መፈለግ ለጓሮ ጎመን ጥማድ በሬ ማሰማራት ነው። ለዚያ የዋጋ ልዩነት ዕዳ ውስጥ መግባትማ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል።

ቪዲዮው መሀል ላይ ቆሞ ያቺ ክብ ምልክት ስትሽከረከር «ዕቃው አርጅቷል» እንላለን። ብዙ ጊዜ የደከመው ግን ኢንተርኔቱ ነው፤ በሺህ ዶላሩም ላይ ያችው ክብ ትሽከረከራለች። ዕቃው ራሱ ስታክ ሲያደርግ ደግሞ ማከማቻውን ከፍታችሁ እዩት፦ የሠርግ ቪዲዮ፣ ከቴሌግራም የወረደ ኮተት፣ አንዱ ፎቶ ሦስት አራት ጊዜ። እሱን ማጽዳት ገንዘብ አይጠይቅም። ባትሪውም ቢሆን፣ በ2010 የወጣው የመጀመሪያው አይፓድ 10 ሰዓት ይሠራል ተብሎ ነበር፤ ለ2024ቱ ፕሮም የተነገረለት ያው 10 ሰዓት ነው።

ርካሹን ሁሉ አፍሱ ማለቴ አይደለም። በዋጋው ብቻ የተመረጠ፣ አምራቹ የማይታወቅ ታብሌት ብዙም ሳይቆይ አዲስ አፕሊኬሽን አልቀበልም ይላል፤ «ላያዘልቅ ጸሎት ለቅስፈት» ማለት ይሄኔ ነው። ሻጩን አጥብቃችሁ መጠየቅ ያለባችሁ አምራቹ ለስንት ዓመት ሶፍትዌር እንደሚልክለት ነው። ደህና ፕሮሰሰር ለተራው ሰው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የዕቃውን ዕድሜ ያረዝማል። ለዚያም ቢሆን የውዱ ውድ አያስፈልግም። የ2018ቱ ውድ አይፓድ ፕሮም፣ የ2020ው ርካሽ አይፓድም በ2025 የወጣውን አይፓድ ኦኤስ 26 የተባለ ሶፍትዌር እኩል ተቀብለዋል።

ቪዲዮ አቀናብራ እንጀራዋን የምትበላ ልጅ ካለቻችሁ ግን ነገሩ ይለያል። አፕል በ2023 ፋይናል ከት ፕሮ የተባለውን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ለአይፓድ ሲያወጣ ፕሮሰሰሩ ከኤም 1 በታች በሆነው ላይ አይሠራም ነበር። ለእሷ ሲሆን አትሰስቱ። ስትገዙላትም ማከማቻውን ሰፋ አድርጉት፤ የቪዲዮ ፋይል ቦታ ይበላል።