ችካል ሳይመታ

ልጄ፣ የወላጆች ኮሚቴው አንተን ሰብሳቢ ማድረጉን ሰማሁ፤ አበጁ። ገንዘቡ ተዋጥቷል፣ ድንጋዩ ደርሷል፣ የቀረው የመማሪያ ክፍሎቹን መገንባት ነው ትላለህ። እኔ ቆይ እልሃለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መንገደኛ እንዲያየው ብላችሁ የክፍሎቹን መስኮት ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ልታዞሩት ነው አሉኝ። እንዲህ ያለ ክፍል ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ገብተህ እይ። መስኮቱ ሥር ያለው ልጅ ደብተሩን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ተቀምጧል። ከወዲያ ያለችው አንገቷን ታጣምማለች፤ የሰሌዳው ዳር እያብለጨለጨባት 8ን 3 ብላ ትገለብጣለች። መምህሩ «ሰነፍ» ይላታል። ስንቱ ልጅ በሰሌዳ ጥፋት እንደተገረፈ እግዜር ይወቀው።

ረጅሙን ግድግዳ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ አዙሩት፤ ምሥራቅና ምዕራቡ ድፍን ይሁን። በእኛ አገር የቀትር ፀሐይ ከአናት ብዙም አትርቅም፤ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ፣ በሰኔ በመጠኑ ወደ ሰሜን ትላለች። የጣሪያው ጫፍ ወጣ ካለ ይመልሳታል። የጠዋቷና የማታዋ ግን ዝቅ ብላ ስለምትገባ ጣሪያ አይመልሳትም። አቅጣጫውን መቀየር ሳንቲም አያስወጣም፣ ችካሉን ማዞር ነው። ግድግዳው ከቆመ በኋላ ግን፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ሰሌዳውን በምሥራቁ ግድግዳ ስቀሉት። ያኔ የሰሜኑ ብርሃን በልጆቹ ግራ ይሆናል፤ በቀኙ የሚጽፍ ልጅ በዚያ ብርሃን የእጁ ጥላ ደብተሩ ላይ አይወድቅበትም።

ብርሃን እንደሆነ አላነሰንም። በጠራ ቀን ደጅ፣ ሉክስ በሚባለው የብርሃን መለኪያ፣ 100,000 ያህል ይወርዳል፤ ለመማሪያ ክፍል ከ300 እስከ 500 ይበቃል። ጭንቁ ማድረሱ ላይ ነው። ብርሃን ከመስኮቱ ራስ ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ገብቶ ይደክማል፤ መስኮቱ 2 ሜትር ተኩል ላይ ካለቀ 5 ሜትር ግድም መሆኑ ነው። ክፍሉ 7 ሜትር ከሰፋ መስኮት በሁለቱም ወገን ያስፈልገዋል። መስኮቱን ሁሉ ላሜራ አታድርጉት፤ አቧራ ሲነሳ ይዘጋል፣ ሲዘጋም ይጨልማል። ላይኛው መስታወት ይሁን። ጣሪያው ላይ ብርሃን አሳላፊ ቆርቆሮ እናስገባ ያለህን አትስማው፤ ሙቀቱንም ነጸብራቁንም ልጆቹ ራስ ላይ ነው የሚያወርደው።

ቆሻሻ እንዳያሳይ ተብሎ ግድግዳ ጥቁር አረንጓዴ የዘይት ቀለም ሲቀባ ያናድደኛል። ብርሃኑን ይውጠዋል፣ የተረፈውን ያብለጨልጨዋል። ኖራ ቀቡት፤ ሲቆሽሽ ድገሙት።

«መብራት ሲገባ ይስተካከላል» የሚልህ አይጠፋም። የገባውም መብራት ይጠፋል። አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ።

ነገ ግንበኛውን ይዘህ ጠዋት 2 ሰዓት ቦታው ላይ ቁም፤ 10 ሰዓት ላይም ተመለሱ። ፀሐይዋ ከየት እንደምትመጣ አይታችሁ ችካሉን ምቱ። የመንገዱ ነገር ይቅደም ብሎ የሚሟገትህ ካለ ወደ እኔ ላከው።