አፍኣ

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ዓይኑ ስለ በራለት ፈሪሳውያን ወደ አፍኣ አስወጥተውታል። አፍኣ ማለት ውጭ ማለት ነው።

ቢያስወጡት ምን ይጎዳዋል ቢሉ፥ ምኵራብ የጸሎት ቤት ብቻ አይደለም፤ ወገኑም መኖሪያውም እዚያ ነው። በእኛ አገር «ማን ይፈታሃል? ማን ይቀብርሃል?» እንደሚባለው ነው። ወላጆቹ እንኳ መባረርን ፈርተው ጥያቄውን ወደ እርሱ መለሱት። እኔን ከፈሪሳውያን ቍጣ ይልቅ የእናቱ ፍርሃት ያመኛል።

አንድም፦ አፍኣ የልብ ነው። ሰው ከቅጥሩ ሳይወጣ ይወጣል። በ2015 ዓ.ም. ጥምቀትን አብረን አክብረን፥ ታቦታቱን በእልልታ አስገብተን፥ በሦስተኛው ቀን ጥር 14 ወሊሶ ላይ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶስ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። ጥር 18 ቅዱስ ሲኖዶስ አወገዛቸው። ጥር 27 ሻሸመኔ ላይ የምእመናን ደም ፈሰሰ። የካቲት 8 ስምምነት ተደረገ። አዳማ ላይ ግን በአንድ ጽዋ ማኅበር ሲጠጡ የኖሩ ሰዎች በዚያ አንድ ወር ለተባባሉት ነገር ስምምነት የጻፈለት የለም። በአፋን ኦሮሞ ልማር፥ ልቀደስ ያለው «ከፋፋይ» ተባለ፤ ጥቁር ለብሶ ያነባው «ቋንቋችንን የሚጠላ» ተባለ። ሁለቱም ስለ ቤተ ክርስቲያን ነበር የሚያለቅሱት።

ሰፈራችን ውስጥ አዴ እያልን የምንጠራቸው እናት አሉ። ያኔ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአፋን ኦሮሞ «ያ ዋቃዮ» (አምላክ ሆይ) እያሉ ሲጸልዩ፥ አጠገባቸው የቆመ ሰው «እዚህም ፖለቲካ!» አላቸው። ከዚያ ወዲህ አልገቡም። ነገር ግን በየማለዳው ይመጣሉ። ደጁ ላይ እንደሚገባ ሰው የፕላስቲክ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ባጃጅ እየተላለፈ በባዶ እግራቸው ኮብልስቶኑ ላይ ቆመው ግንባራቸውን የበሩን ምሰሶ ያስነካሉ፤ ሦስት ጊዜ ስመው ጫማቸውን አጥልቀው ወደ ገበያ ይሄዳሉ። ለምን እንደሚመጡ ብጠይቃቸው «በሩ አልበደለኝም፥ ልጄ» አሉኝ።

አንድም፦ አፍኣ የጌታ ስፍራ ነው። ያደገባት ናዝሬት፥ ምኵራቧ ውስጥ ቃሉን ሰምታ ስትቈጣ፥ ከከተማ አውጥታ ከገደል አፋፍ ልትጥለው ወስዳዋለች፤ ሉቃስ ይህን ጽፏል። ናዝሬት ትባል በነበረችው አዳማ ያደግን ሰዎች ያን ምዕራፍ እንደ ዘመድ ታሪክ ልናነበው ይገባን ነበር። ከሰው ቤት የተባረረ ሁሉ፥ ከገዛ አገሩ የተባረረውን እዚያው አፍኣ ያገኘዋል።

አንድም፦ አፍኣ ዝዋይ ነው። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰዳ በዝዋይ ሐይቅ፥ በቱሉ ጉዶ ደሴት ለዓመታት መቆየቷን አባቶች ይተርካሉ። በስደት ሳለችም ታቦት ነበረች። ይህን ትርጓሜ ከአዳራሹ ቀርቶ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ለሚዘምረው ፕሮቴስታንት ጎረቤቴም ነግሬዋለሁ፤ ዝም ብሎ ሰማኝ።

አንድም፦ ይህኛው ውስጥ ላለነው ይከብዳል። ጌታ ሰውየው መባረሩን ሰማ፤ ሄዶም አገኘው። ወደ ምኵራብ ተመለስ አላለውም፥ አትመለስም አላለውም። ማመኑን ጠየቀው፤ ሰውየውም አምኖ ሰገደ። የት ሰገደ ቢሉ፥ እዚያው፥ አፍኣ። እኛ ግን የስንቱን መውጣት ሰምተን «ሲበርድለት ይመጣል» ብለን ተቀመጥን። አዴ ለምን ደጅ እንደሚቀሩ እኔ ራሴ የጠየቅኋቸው ከወራት በኋላ ነው።

ባለፈው ኪዳነ ምሕረት፥ ኪዳን እንዳለቀ፥ አንድ አረጋዊ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ከቅጥሩ ወጡ። አዴ ግንባራቸውን ምሰሶው ላይ እንዳስደገፉ ነበሩ። ቄሱ አልተናገሩም። ጎንበስ ብለው እዚያው ኮብልስቶኑ ላይ ጫማቸውን አወለቁና አጠገባቸው ቆሙ። አዴ «ያ ዋቃዮ» ሲሉ፥ ቄሱ «አሜን» አሉ።