ከቊስለኛው ዋጋ አልተጠየቀም

ለድኾች በተቋቋመ የጤና መድን ውስጥ በሽተኛው በታከመ ቊጥር ጥቂት ገንዘብ ይክፈል ማለት ተገቢ ነውን? ይክፈል የሚሉት ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ በነጻ የተገኘ ነገር ይናቃል፥ ሳይታመም ወደ ሐኪም የሚሄደውም ይበዛል ይላሉ።

ነገር ግን ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1982 ያካሄደው ጥናት ክፍያው የማያስፈልገውን ሕክምና ብቻ ሳይሆን የሚያስፈልገውንም አብሮ እንደሚቀንስ አሳየ፤ የደም ግፊት የነበረባቸው ድኾችም በነጻ ሲታከሙ ግፊታቸው ይበልጥ ተሻለ። እንግዲህ ክፍያ ዋዘኛውን ከሕሙሙ አይለይም፤ የሚለየው ያለውን ከሌለው ነው።

ደጉ ሳምራዊ ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠ፤ ከዚያ በላይ የሚወጣውንም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ እንጂ ቊስለኛውን ድርሻህን አዋጣ አላለውም።

በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይህንኑ መንገድ ይከተላል፤ አባሉ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፥ የፍጹም ድኻውን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል፥ በየደረጃው ተልኮ የመጣም አባል ሲታከም አይከፍልም። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ታጥቶ በሽተኛው ከውጭ እንዲገዛ ቢታዘዝ፥ የቀረው ክፍያ ስሙን ለውጦ ተመለሰ ማለት ነው።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፥ ክፍያውን ማስቀረት የምሕረት መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። የጐደለውን መሙላት የጤነኞች ዕዳ ነው፤ ሳምራዊውም የተመሰገነው ቀሪውን ወጪ በራሱ ላይ ስለ ወሰደ ነውና።