ባዶ ሰማይ፣ ባዶ ዙፋን

ካራቴ የሚለውን ቃል የማያውቅ የከተማ ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም። ትርጉሙን ጠይቆ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በጃፓንኛ «ካራ» ባዶ፣ «ቴ» ደግሞ እጅ ነው፤ ካራቴ እንግዲህ «ባዶ እጅ» ማለት ነው። መሣሪያ ያልያዘ ሰው የሚጋጠምበት ጥበብ ስለሆነ ስሙ ይህ ቢሆን አያስገርምም። የሚያስገርመው ሁልጊዜ ይህ አለመሆኑ ነው። ጥበቡ በኦኪናዋ ደሴት ሲያድግ «ካራ» የሚጻፈው የቻይናን የታንግ ሥርወ መንግሥት በሚያመለክት ፊደል ነበር፤ ትርጉሙም «የቻይና እጅ» ነው። ሁለቱ ፊደላት በአፍ ሲነገሩ አንድ ናቸው፣ በጽሑፍ ግን አይገናኙም። ለውጡ ቀስ በቀስ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 የኦኪናዋ መምህራን ናሃ ከተማ ላይ ተሰብስበው «ባዶ» የሚለውን ተቀበሉ። ጊዜው ጃፓን ከቻይና ጋር ወደለየለት ጦርነት የምታመራበት ነበርና የቻይና ስም የተሸከመ ጥበብ ለብዙዎች አይጥማቸውም። ጥበቡን ወደ ቶኪዮ ወስዶ ያስፋፋው ጊቺን ፉናኮሺ ግን ሌላ ምክንያት ሰጠ፤ «ባዶ» የሚለው ፊደል ቡድሂስቶች የነገሮች ሁሉ ባሕርይ የሚሉትን ያስታውሳል አለ።

አንድ ፊደል ለብሔረተኛውም ለፈላስፋውም እኩል ማደሩን አንባቢ ልብ ይበል። በኋላ እንመለስበታለን።

እስቲ ፊደሉን እንየው። በስምንት ጭረት ይጻፋል። ከላይ ዋሻን ወይም ጉድጓድን የሚያመለክት ምልክት አለ፤ ከሥሩ ሥራ የሚል ትርጉም ያለው አጭር ምልክት ተቀምጧል። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ «በሰው ሥራ የተፈለፈለ ዋሻ ነውና ባዶ ሆነ» እያለ ይተርካል። ትረካው ደስ ይላል፤ ነገር ግን የታችኛው ምልክት ዋና ሥራ ድምፅ ማዋስ ነው። ብቻውን በቻይንኛ «ጎንግ» ሲባል ሙሉው ፊደል «ኮንግ» ይባላል። አብዛኞቹ የቻይና ፊደላት እንዲህ የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ወገን ትርጉም ይጠቁማል፣ ሌላው ድምፅ ይሰጣል። ጃፓኖች ይህን ፊደል ከወሰዱ በኋላ ብዙ ንባብ ሰጡት። «ሶራ» ሲባል ሰማይ ነው። «ካራ» ሲባል ባዶ ነው። «ኩ» ሲባል የቡድሂስቶች ቃል ይሆናል። አየርና አውሮፕላን ማረፊያም የሚጻፉት በዚሁ ነው። ካራኦኬ እንኳ «ባዶ ኦርኬስትራ» ማለት ነው፤ ዘፋኝ የጎደለው ሙዚቃ።

ሰማይና ባዶ በአንድ ፊደል መጻፋቸው ለእኛ እንግዳ ነው። እኛ ዘንድ ባዶ ጉድለት ነው። ባዶ ኪስ፣ ባዶ ሆድ፣ ባዶ እግር፤ በባዶ እጅ ሰው ቤት መሄድም ያሳፍራል። ሰው የለቀቀው ቤት ኦና ይባላል፣ ኦና ቤት ደግሞ በጎ ነገር አይታሰብበትም። ከግዕዝ የወረስነው «ኢምንት» ሲፈታ «ምንም ያልሆነ» ነውና ሰውን ኢምንት ማለት እርሱን መናቅ ነው። «ከንቱ»ም አለ፤ መጽሐፈ መክብብን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። የጃፓንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች እዚህ ቦታ ላይ ሲደርሱ የመረጡት ፊደል ያንኑ የሰማይና የባዶ ፊደል ነበር። የዕብራይስጡ ቃል እስትንፋስ፣ እንፋሎት እንደ ማለት ነው። አንድ ጃፓናዊ መክብብን ሲያነብ እንግዲህ የቡድሂስቶቹ ቃል ከፊቱ ይቆማል፤ እኛ ግን ከንቱን ብቻ እናገኛለን።

የግዕዝ ቁጥሮችም ለባዶ ምልክት የላቸውም፤ ከ፩ ይጀምራሉ። በኳስ ሜዳ ግን «ሁለት ለባዶ» እንላለን። ይህ ባዶ ከሩቅ የመጣ ነው። ሕንዶች የቁጥሩን ባዶ «ሹንያ» አሉት፤ ዐረቦች «ሲፍር» ብለው ተረጎሙት፤ ከሲፍር በላቲንና በጣሊያንኛ በኩል ዜሮ ወጣ። እኛ ዜሮን መልሰን «ባዶ» ስንለው ሳናውቀው የሕንዱን ቃል ተርጉመናል፤ ሹንያ ማለት ባዶ ነውና። የቡድሂስቶች ባዶነትም ከዚሁ ቃል የወጣው «ሹንያታ» ነው።

ሹንያታ ወደ ቻይና ሲሻገር ሜዳው ክፍት አልነበረም። ቻይናውያን ስለ ባዶነት የራሳቸው ትምህርት ነበራቸው። የላኦ ትዙ ነው የሚባለው መጽሐፍ መንኮራኩር የሚዞረው በመሐሉ ባለው ቀዳዳ፣ ማሰሮም የሚያገለግለው በውስጡ ባለው ክፍተት መሆኑን ያስተምራል። «ዉ» የሚሉት፣ ጃፓኖች «ሙ» የሚያነቡት፣ «አለመኖር» የሚል ፊደልም ነበራቸው። ስለዚህ ፊደል አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ጥንት በእንስሳት አጥንት ላይ ተቀርጾ ሲገኝ ሥዕሉ በሁለት እጁ ጌጥ ይዞ የሚጨፍር ሰው ነው! «የለም» የሚለው ቃል በሥዕል ሊገለጽ ስለማይችል ድምፁ የሚመስለውን የጨፋሪውን ፊደል ተዋሱት፤ ለጭፈራው ደግሞ እግር ጨምረው ሌላ ፊደል ሠሩለት። «የለም» ተብሎ የሚጻፈው እንግዲህ ሥሩ ሲታይ ጨፋሪ ነው። የፊልም ሠሪው ያሱጂሮ ኦዙ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሞት በካማኩራ በሚገኘው መቃብሩ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ይህ አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ ስሙ እንኳ የለም።

የመጀመሪያዎቹ ተርጓሚዎች ሹንያታን በዚህ በ«አለመኖር» ፈቱት። አንባቢዎቻቸውም ባዶነት ማለት ዓለም የወጣችበት አንድ ጥንታዊ «ምንም» መሰላቸው። ነገሩን ያቃናው በአመዛኙ ኩማራጂቫ የተባለው መነኩሴ ነው። እናቱ የኩቻ ልዕልት፣ አባቱ ሕንዳዊ ነበሩ። የቻይና ጦር ማርኮት ዓመታት በግዞት ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ401 ቻንግአን ገባ፤ በዚያም ከብዙ ደቀ መዛሙርት ጋር ሆኖ የናጋርጁናን ዋና ድርሰት ወደ ቻይንኛ መለሰ።

ናጋርጁና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ምዕት ዓመት ገደማ በሕንድ የኖረ መነኩሴ ነው። ጥያቄውን በአጭሩ እንዲህ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ባዶ ስንል ከምን ባዶ? ብርጭቆው ባዶ ነው ሲባል ውኃ የለበትም ማለት ነው፤ አየር ግን ሞልቶታል። ናጋርጁና ከነገሮች ሁሉ ጎድሏል የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በራሱ የቆመ፣ ከማንም ያልተዋሰው፣ የማይለወጥ ባሕርይ። ሸማን እንውሰድ። ድሩን ከማጉ ለያይተን ብንከምረው ሸማው የት ገባ? ከክሩ ውጭ ሸማ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ክሩም ለብቻው ሸማ አይደለም። ሆኖም ሸማው ቅዠት አልነበረም፤ ብርድ ሲከላከል ኖሯል። ክሩም በተራው ከጥጥ፣ ጥጡ ከአፈርና ከዝናብ፣ ደግሞም ከፈታይዋ ጣት የመጣ ነው። ቡድሂስቶች ነገሮች ባዶ ናቸው ሲሉ ይህንን ማለታቸው ነው፤ ያለው ሁሉ የሚኖረው በሌላው ነው። ከላኦ ትዙ የሚለዩትም እዚህ ላይ ነው። በእርሱ ምሳሌ ባዶው የማሰሮው ሆድ ነው፤ ናጋርጁና ግን ጭቃውም ባዶ ነው ይላል።

ይህ በክር ላይ ሲነገር ማንንም አያስከፋም። በሰው ላይ ሲነገርስ? እኔ የምለው ነገር እንደ ሸማው ተለያይቶ የሚያልቅ ከሆነ በደሉን የፈጸመው ማነው? የተበደለውስ? ገዳይ ባዶ፣ ሟች ባዶ ከሆነ ግድያ የሚባል ነገር ሊኖር ነው?

የናጋርጁና ተቃዋሚዎች ሞኞች ስላልነበሩ ይህን በጊዜው ጠይቀውታል። ሁሉ ባዶ ከሆነ ጽድቅም ኃጢአትም፣ የቡድሃ ትምህርትም ራሱ ፈረሰ አሉት። እርሱም ክሱን ገልብጦ መለሰላቸው። ነገሮች የማይለወጥ ባሕርይ ቢኖራቸው ነበር ሁሉም የሚፈርሰው፤ ሌባ ለዘላለም ሌባ፣ በሽተኛ ለዘላለም በሽተኛ፣ ያልተማረም እንዳልተማረ ይቀር ነበር። ሰው ሊጸጸት፣ ሊማር፣ ሊድን የሚችለው ባዶ ስለሆነ ነው። አያይዞም አስጠነቀቀ፤ ባዶነትን ያላወቀበት ሰው እባብን በማይያዝበት በኩል የጨበጠ ያህል ነው አለ። በስምንተኛው ምዕት ዓመት ሻንቲዴቫ የተባለው መነኩሴ ደግሞ አንድ እርምጃ ጨመረ። እግር ሲወጋ እጅ ይደርስለታል፤ ሕመሙ የእጅ አይደለምና ይቅር አይልም። «እኔ» እና «አንተ» የሚለው ድንበር ባዶ ከሆነ የአንተን ሕመም ችላ የምልበት ምክንያት አጣሁ ማለት ነው። ለእኔ ከዚህ የተሻለ መልስ የሰጠ አላገኘሁም።

ሆኖም እባቡ ነድፏል። በ17ኛው ምዕት ዓመት የዜን መነኩሴው ታኩዋን ሶሆ፣ የሾጉኖቹ የሰይፍ መምህር ለነበረው ለያግዩ ሙኔኖሪ በጻፈለት ምክር፣ ሰይፍ ያነሣውም፣ ሰይፉም፣ የሚመታውም ባዶ መሆናቸውን ያስረዳዋል። ለታኩዋን አንድ ነገር መባል አለበት፤ ዋና ጉዳዩ የሰይፈኛው ልብ በአንድ ነገር ላይ እንዳይቆም ነበር፣ መታረድን ለማቃለል አልነበረም። ነገር ግን ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ የተናጋሪው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና እስከ 1945 ድረስ ብዙ የዜን መምህራን ጦርነቱን ባረኩ፤ ራስን መርሳት የተባለውን የቆየ ልምምድ ለንጉሠ ነገሥቱ ከመሞት ጋር አንድ አደረጉት። ጎሮ ሱጊሞቶ የተባለ፣ ዜን የሚለማመድ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1937 ቻይና ውስጥ ሞተ፤ በማግስቱ ዓመት የታተመለት መጽሐፍ ራስን ፈጽሞ መካድንና ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ መኖርን ያስተምር ነበር። መጽሐፉ በወጣቶች ዘንድ እጅግ ተነበበ።

እዚህ ላይ ብዙዎች «ትምህርቱ ራሱ የተመረዘ ነው» ይላሉ። ቀለል ያለ ፍርድ ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ባዶነትን አበዙት ማለት አይቻልም፤ መንገድ ላይ አቆሙት። ወታደሩ ባዶ ነው አሉ። ጠላት የተባለው የቻይና ገበሬም ባዶ ነው አሉ። ዙፋኑ ላይ ሲደርሱ ግን ዝም አሉ። አገር፣ ዘር፣ ንጉሠ ነገሥት በራሳቸው የቆሙ፣ ከማንም ያልተዋሱ፣ የማይለወጡ ሆነው ቀሩ። ናጋርጁና የለም ያለውን ያንን ባሕርይ ከሰው ነጥቀው ለመንግሥት ሰጡት። ስለዚህ ማንም «ሁሉ ባዶ ነው» ሲለን የማንን ባዶነት እንደነገረንና የማንን እንደዘለለ መጠየቅ ይገባናል። ድሃው ባዶ ሆኖ ጌታው ሙሉ ከሆነ ያ ፍልስፍና አይደለም።

ከራሳቸው ከቡድሂስቶቹ መካከልም ይህን ያየ አልጠፋም። የሪንዛይ ወገን መነኩሴና መምህር ሃኩገን ኢቺካዋ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ቡድሂስቶች የጦርነት ተጠያቂነት መጽሐፍ ሲያወጣ ራሱንም ከተጠያቂዎቹ ደምሮ ነበር። የሶቶ ወገን በ1992 የንስሐ መግለጫ አወጣ፤ ከሪንዛይ ወገን ትልቁ የሆነው የምዮሺንጂ ቅርንጫፍ ደግሞ በ2001 ይቅርታ ጠየቀ።

ከሁሉ በፊት ግን ጉዶ ኡቺያማ ነበረ። በሃኮኔ ተራራ የሚገኝ የአንድ ትንሽ መቅደስ ካህን ነው፤ ምእመናኑ ድሆች ገበሬዎች ነበሩ። ትምህርቱ ከፍና ዝቅ የለውም ይላል እንጂ ብሎ፣ በመቅደሱ ውስጥ በደበቀው ማተሚያ እ.ኤ.አ. በ1908 አንድ ትንሽ ጽሑፍ አተመ። ጭሰኛው ለባለ መሬት እንዳይገብር፣ ንጉሠ ነገሥቱም የአማልክት ልጅ አለመሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ነው። ቅዱስ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ካህን ሆኖ ሥርዐተ መንግሥት የለሽም ነበር፣ ሁሉም አሳቡ አይማርከኝም። ነገር ግን ባዶነትን እስከ ዙፋኑ ደጃፍ ያደረሰ እርሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ተያዘ። ንጉሠ ነገሥቱን ለመግደል አሲረዋል በተባሉት ሰዎች መዝገብ ውስጥ ገባና እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 1911 ተሰቀለ። ዕድሜው 36 ነበር። የሶቶ ወገን ክህነቱን የገፈፈው ከስቅላቱ በፊት በ1910 ነው። የመለሰለት በ1993፣ ከተሰቀለ ከ82 ዓመት በኋላ ነው።