መስጠትና መቀበል በአንዲት ሽቦ

ለሰው ክብሩ መስጠት ነው ወይስ መቀበል የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ያገኘሁት በቤቴ መስኮት ጥግ ከምትገባው ከአንዲት ቀጭን የስልክ ሽቦ ነው ብል አንባቢ እንዳይስቅብኝ እለምናለሁ።

በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ የሒሳብ መምህርት የሆነችው ታናሽ እኅቴ ከእኔ ቤት ትኖር ነበር። በክፍሏ ግድግዳ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅላ ትምህርቱን እያስረዳች በቪዲዮ ትቀዳና ለተማሪዎቿ ለመላክ ትሞክር ነበር። በቤታችን የነበረውም ኢንተርኔት በተራው የስልክ መስመር የሚመጣው ነው። በዚህ መስመር በሩቅ አገር የተሠራ ፊልም ስናወርድ ብዙ አንቸገርም ነበር፤ የግማሽ ሰዓት ትምህርት ወደ ውጭ መላክ ግን የሌሊቱን እኩሌታ ይፈጅ ነበር፤ በመካከሉም መስመሩ የተቋረጠ እንደ ሆነ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። አንድ ሌሊት የሞደሙን መብራት እየተመለከተች፣ «ወንድም ጋሼ፣ ይህ ሽቦ እኛ እንድንሰማ እንጂ እንድንናገር አልታሰበም ማለት ነው?» አለችኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም፤ በኋላ ግን ነገሩን መረመርሁት።

የስልክ መስመር ማለት ሁለት የተገመዱ የመዳብ ሽቦዎች ናቸው። የሰው ድምፅ በስልክ ሲተላለፍ የሚይዘው ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ጠባብ ስፍራ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ሰፊ ስፍራ በየቤቱ መስመር ላይ ለብዙ ዘመን ጦሙን አድሯል። ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. የተባለው ጥበብ ይህን ጦም ያደረ ስፍራ አረሰው። ድምፁንና ኢንተርኔቱን አንዲት ትንሽ ማጣሪያ ስለምትለያቸው ሰው በስልክ እየተነጋገረ ደብዳቤውን ሊያነብ ይችላል። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት እርሻው እኩል አልተከፈለም። ከቤት ለሚወጣው ከ25 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሄርዝ ያለው ሲደርሰው፣ ወደ ቤት ለሚገባው ከዚያ በላይ እስከ 1 ሚሊዮን 104 ሺህ ሄርዝ ድረስ ያለው ደረሰው። ፍጥነቱም ወደ ቤት ሲመጣ በሰከንድ እስከ 8 ሜጋ ቢት፣ ከቤት ሲወጣ ግን 1 ሜጋ ቢት ግድም ሆነ።

ይህን አከፋፈል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ያሰበው በአሜሪካ ቤልኮር በተባለው የምርምር ድርጅት መሐንዲስ የነበረው ጆሴፍ ሌችላይደር ነው። ምክንያቱም ሁለት ነበር። አንደኛው፣ የስልክ ኩባንያዎች ፊልም በሽቦ ወደየቤቱ ለመላክ ያስቡ ስለ ነበር፣ የቤት ሰው ተቀባይ እንጂ ላኪ አይሆንም ተብሎ መገመቱ ነው። ሁለተኛው ግን ጠለቅ ያለ ነው። የብዙ ቤቶች ሽቦዎች በአንድ ገመድ ውስጥ ተጠጋግተው ስለሚሄዱ የአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ይሾልካል፤ ከሩቅ ደክሞ የሚመጣውም ምልክት አጠገቡ ባለው ብርቱ ላኪ ጩኸት ይዋጣል። የሚወጣውና የሚገባው በየስፍራው ቢለይ፣ የሚወጣውም ድርሻ ቢያንስ፣ ሁካታው ይቀንስና ሁሉም አጥርቶ ይቀበላል።

እንግዲህ የእኅቴ ጥያቄ ከዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ጎረቤቴ አጥርቶ ይሰማ ዘንድ የእኔ ድምፅ ዝቅ ይበል ቢባል ፍርዱ ቅን ነው፤ በአንድ ገመድ አብረን እስከ ኖርን ድረስ ዝምታዬ ለእርሱ ስጦታ ነው፤ የእርሱም ለእኔ። አንተ የምትልከው የለህም መባል ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ስለማያውቁት ሰው የተሰጠ ፍርድ ነው። መሐንዲሱን አልነቅፈውም፤ በዘመኑ የነበረውን ልማድ አይቶ ገመተ። የሚያሰጋው፣ ልማድ ደንብ ሆኖ ከወጣ በኋላ ራሱን መልሶ መውለዱ ነው። መናገሪያው የጠበበበት ሰው ጥቂት ይናገራል፤ ጥቂት መናገሩም ብዙ እንደማያስፈልገው ማስረጃ ተደርጎ ይቆጠርበታል። በሰፈራችን ያለው ፎቶ አንሺ የሠርግ ሥዕሎችን ወደ ማተሚያ ቤት በመስመሩ መላክ ስለ ታከተው በፍላሽ ይዞ በታክሲ ይሄዳል። የእርሱን መስመር ብቻ የሚቆጥር ሰው፣ ይህ ነጋዴ ምንም የሚልከው የለውም ሊል ነው።

(ከስልክ ጣቢያው የራቀ ቤት፣ በተለይም ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ እንደ ሆነ፣ ከቅርቡ ቤት ጋር እኩል እየከፈለ ከመስመሩ የሚያገኘው እጅግ ጥቂት ነው፤ ይህ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ የሚያሻው ነገር ነው።)

ዛሬ የመዳቡ ዘመን እያለፈ ነው። በአሜሪካ ኤ.ቲ.ኤንድ.ቲ. የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት 2020 ይህን አገልግሎት ለአዲስ ደንበኞች መሸጥ አቁሟል፤ በስፍራው የሚገባው የመስታወት ክር ነው። በመስታወት ክር ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን ወደ ጎረቤቱ ክር እንደ መዳቡ አይሾልክም፤ ስለዚህ ቅን የነበረው ምክንያት ቀርቷል። ይሁን እንጂ በብዙ አገር ይኸው የብርሃን መስመር ለቤት ሲሸጥ አሁንም መቀበያው ሰፊ፣ መላኪያው ጠባብ ሆኖ የሚቀርብበት ጊዜ አለ። ያኛው ግምት ግን ከመዳቡ ጋር አልሄደም ማለት ነው።

እኅቴ በመጨረሻ ቪዲዮውን ትታ ትምህርቱን በድምፅ ብቻ እየቀዳች መላክ ጀመረች፤ ይህ ቶሎ ይሄድላት ነበር። የጂኦሜትሪው ምዕራፍ ግን ኮምፓስ ይዛ እየሣለች እጇን ካላሳየች ስለማይገባ ዘለለችው። በ2013 ዓ.ም. ክፍሎች ሲከፈቱ ከዚያ ምዕራፍ ጀመረች።