ወታደሩ ፊት ለፊት የማይበላው ለምንድን ነው?

ከስድስቱ የቼዝ ጠጠር ዓይነቶች መካከል የሚሄድበትና የሚበላበት መንገድ የተለያየው ወታደሩ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በሚሄዱበት አቅጣጫ ሲበሉ፣ እርሱ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይራመዳል፣ የባላጋራውን ጠጠር የሚበላው ግን በሰያፍ፣ ማለትም ከፊቱ በስተቀኝ ወይም በስተግራ ያለውን ቤት በመያዝ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊቱ የቆመ ጠጠር መንገዱን ይዘጋበታል እንጂ አይበላለትም። ይህን የሚማር ሕፃን ‹‹ለምን?›› ብሎ ቢጠይቅ፣ ሳያውቀው የሕግን ምንነት የሚመረምር የፍልስፍና ጥያቄ አንሥቷል።

ወታደሩ ከፊቱ ጋሻ ስለያዘ ጦሩን በጎን ይሰነዝራል የሚለው መልስ ለማስታወስ ይረዳ ይሆናል፤ ምክንያት ግን አይደለም፤ እንዲያ ከሆነማ የፈረሱም አዘላለል ከጋጣ ሊጠና ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሰርል እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፉ ሕግጋትን ለሁለት ከፍሏል፤ ገሪ ሊባል የሚችለው ሕግ አስቀድሞ የነበረን ድርጊት ሥርዐት ያስይዛል፣ ለምሳሌ መኪና ከትራፊክ ደንብ በፊትም ይነዳ ነበር፤ መሥራች ሊባል የሚችለው ግን ድርጊቱን ራሱን ያስገኛል፣ የቼዝ ሕግ ከተነሣ የሚቀረው የተጠረበ እንጨት ብቻ ነውና።

ይህ ክፍፍል ሕፃኑን ዝም ያሰኘው እንደሆነ እንጂ አያረካውም፤ አለመርካቱም ተገቢ ነው። መምህሩ ሌሎቹን ጠጠሮች አንሥቶ ስምንት ወታደሮችን ከስምንት ጋር አሰልፎ፣ ቀድሞ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የደረሰ ያሸንፋል ብሎ ቢያጫውት፣ ሕፃኑ ፊት ለፊት የተፋጠጡት ወታደሮች ሲገታተሩ፣ ከኋላ በሰያፍ የቆመው ደግሞ የፊተኛውን ሲጠብቅ ያያል፤ ፈረንሳዊው ፊሊዶር እ.ኤ.አ. በ1749 ባወጣው መጽሐፉ ትልቅ ቦታ የሰጠው ለዚሁ አሰላለፍ ነበር። ወታደሩ ፊት ለፊት ቢበላ ኖሮ ይህ መገታተር ከቶ አይኖርም ነበር። ምክንያቱ እንግዲህ አለ፤ የሚገለጠው ግን ሕጉን ተቀብሎ ለተጫወተ ነው፣ በአብነት ትምህርት ቤት ዳዊት የሚደግም ልጅ ንባቡን ከትርጓሜው አስቀድሞ እንደሚይዝ።

ሰንጠረዥ የሚባለው የኢትዮጵያ ባህላዊ ቼዝ ጉዳዩን ከዚህም በላይ ያጠልቀዋል። በዚያ ጨዋታ ወረራ የሚባል መክፈቻ አለ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ እንዳሻቸው ያሰልፋሉ፣ ተራ መጠበቅ የሚጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው። ለዛሬው ቼዝ ተጫዋች ተራ መጠበቅ ከመሥራች ሕግጋት አንዱ ይመስለዋል፤ ሰንጠረዥ ግን ያለ ተራ ይጀመራል፣ የጠጠሮቹ አካሄድ ሳይታወቅ ግን አንድ እርምጃ እንኳ አይሄድም። ይህም መሥራች ሕግጋት ሁሉ እኩል መሠረታዊ እንዳልሆኑ ያሳያል፤ ትምህርቱን ከአካሄድና ከአበላል መጀመር የሚገባውም ስለዚሁ ነው። መደቅ የሚባለው የሰንጠረዥ ወታደር እንደ ቼዙ ወታደር ከመነሻው ሁለት ቤት የመራመድ ፈቃድ ባይኖረውም፣ እርሱም ወደ ፊት ይሄዳል፣ በሰያፍ ይበላል።